የእናቴ ራጅ «ተበልቷል» ይላል፣ «አጥንት በቅሏል»ም ይላል፤ ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ምንትዋብ_ሜሪላንድ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ደሴ ነች፤ 63 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ቆየ። ደረጃ መውረድ ፈተና ሆኖባታል። ከበርጩማ ስትነሳ እጇን መሬት ላይ ትደግፋለች። በቀደም እህቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻትና ራጅ ተነሳች። ወረቀቱን በቴሌግራም ላከችልኝ። በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ክፍተት ጠቧል፣ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት ጠንክሯል፣ ጠርዙ ላይ አጥንት በቅሏል ይላል።

እዚያ ያገኙት ባለሙያ «ፈሳሹ አልቋል፣ አጥንት በአጥንት ሆኗል፤ ከእንግዲህ ብዙ አይራመዱ» ብሎ ሸኛቸው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ከቤት መውጣት ትታለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀርታለች። በስልክ ድምፅዋ ራሱ ተለውጧል።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ተበልቶ አለቀ ከተባለ ነገር ጎን አዲስ አጥንት እንዴት ይበቅላል? ፈሳሹ ካለቀስ ለምን ያብጣታል? ብዙ ሰው ግሉኮሳሚን ስለሚልክ እኔም ልልክላት አስቤያለሁ። እህቴ ደግሞ ጉልበት ውስጥ የሚወጋውን መርፌ ትወጋ እያለች ነው። የምታውቁ እርዱኝ።

እማማ_ጓዳ

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ብርድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የደሴን ብርድ ታውቂው የለ። ጉልበቷን ጠቅለል ታድርገው። ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ትያዘው። የቅልጥም መረቅም ትጠጣ፤ መቅኒው ለጉልበት ጥሩ ነው። መርፌውን ተዉት።

ዶክተር_አንጓ

ምንትዋብ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪም ነኝ። እሷን ስላላየኋት ስለ ራጁ ወረቀት ብቻ ነው የምጽፍልሽ። ጥያቄሽ ግን ዋናውን ነገር ነክቷል። መገጣጠሚያ ዝም ብሎ እየተፋቀ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ሲጎዳ መልስ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ጉልበቷ የሰጠው መልስ ነው።

መጀመሪያ ልም አጥንቱ። በግ ታርዶ የእግሩ መገጣጠሚያ ሲከፈት አጥንቱ ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ ሽፋን አይታችኋል? እሱ ነው። በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ሰው ላይ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፤ ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ያለው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ትልቁ ክፍሉ ውሃ ነው። የቀረው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ክርና ውሃውን ይዞ የሚያቆይ ፕሮቲዮግላይካን ነው። ሕዋሳቱ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከጠቅላላ መጠኑ 2 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። የደም ሥር የለውም። ነርቭም የለውም።

ደም ከሌለው ከየት ይመገባል? ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ልም አጥንቱ እንደ ስፖንጅ ይጨመቅና ውሃ ያወጣል። እግራችንን ስናነሳ ፈሳሹን ከነምግቡ መልሶ ይመጥጣል። ያልተንቀሳቀሰ ጉልበት የተራበ ጉልበት ነው። ለዚህ ነው «ብዙ አይራመዱ» የሚለው ምክር የሚያሳዝነኝ።

ችግሩ ልም አጥንት ራሱን መጠገን አለመቻሉ ነው። ዊሊያም ሀንተር የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ልም አጥንት አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1743 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴንማርክ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በሌላ መንገድ አዩት። ከኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ወደ አየር የገባው ካርቦን 14 በሰው አካል ውስጥ ይቀመጣል። በእሱ የጉልበት ልም አጥንት ኮላጅን መቼ እንደተሠራ ለኩ። የተሠራው በእድገት ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ የታደሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የታመመውም ጉልበት ላይ ያው ነበር። በጉርምስና የተሠራውን ኮላጅን ነው ዕድሜ ልካችንን የምንረግጥበት።

አሁን ጉዳቱ። ጫና ሲበዛ፣ ወይም ጅማት ተበጥሶ ጉልበቱ ሲላላ፣ እነዚያ ጥቂት ሕዋሳት ጠባያቸው ይለወጣል። ኮላጅኑንና ፕሮቲዮግላይካኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ራሳቸው ማመንጨት ይጀምራሉ። የተቆራረጠው ፍርፋሪ ፈሳሹ ውስጥ ይገባና መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ገለፈት ያስቆጣል። የተቆጣው ገለፈት ደግሞ ብዙ ፈሳሽ ያመነጫል። መልሶም ሕዋሳቱን ይበልጥ እንዲቆራርጡ የሚያዝዙ ኬሚካሎችን ይልካል። እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ5 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። የታመመው ውስጥ የዚያን ብዙ እጥፍ ልታገኚ ትችያለሽ። እንግዲህ የእናትሽ ፈሳሽ አላለቀም። ቀጥኗል፤ የሚያለሰልሰው ሃያሉሮኒክ አሲድ ሳስቷል።

እማማ፣ ሙቀቱ ላይ ልክ ነዎት፤ ጡንቻ ያፍታታል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል። መረቁም ጥሩ ምግብ ነው። ጨጓራና አንጀት ግን ይፈጩታል እንጂ መቅኒው እንዳለ ጉልበት ውስጥ አይገባም። ብርድም ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ ልም አጥንቱን አይበላውም።

ስለ አጥንቱ ልመለስበት፤ በሽተኛ መጣብኝ።

ምንትዋብ_ሜሪላንድ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። ግን ነርቭ ከሌለው ምኑ ነው የሚያማት?

ዶክተር_አንጓ

ተመለስኩ። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አጥንቱ ላይ ነው።

አጥንት የልም አጥንት ተቃራኒ ነው። ደም አለው፣ ነርቭ አለው፣ ሲፈርስና ሲሠራ ነው የሚኖረው። አፍራሽ ሕዋሳት አሉ፣ ገንቢ ሕዋሳት አሉ። በአዋቂ ሰው ላይ በዓመት ከአጽማችን 10 በመቶ ገደማው ይታደሳል። የት መወፈር የት መሳሳት እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ ጫና ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ ይህን በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ዛሬ ጠፈርተኞች ላይ በግልጽ ይታያል። ክብደት በሌለበት ሲቆዩ የዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳል።

የእናትሽ ጉልበትም በዚሁ ሕግ ነው የሄደው። ልም አጥንቱ ሲሳሳ ጫናው ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ወደቀ። አጥንቱም መልሶ ወፈረ። ራጁ ላይ ነጣ ብሎ ይታያል፤ «ጠንክሯል» የተባለው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ያሉት ሕዋሳት ደግሞ በጫናውና በብግነቱ (በመገጣጠሚያው መቆጣት) ተቀስቅሰው መጀመሪያ ልም አጥንት ሠሩ፣ ቆይቶ እሱ ወደ አጥንት ተለወጠ። የበቀለው ይሄ ነው። መገጣጠሚያውን ሰፋ አድርጎ ለማርጋት የሚጥር እድገት ነው። በራሱ ዕጢ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። ብቻውን ይቆረጥ የሚባልበት ጊዜም ብዙ አይደለም።

ሕመሙ የሚመጣው ነርቭ ካላቸው ቦታዎች ነው፤ ከተጨነቀው አጥንት፣ ከተቆጣው ገለፈትና መገጣጠሚያውን ከያዙት ጅማቶች። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ ምስል) ሲነሳ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው መቅኒ ውስጥ እርጥበት የሚመስል ጥላ ይታያል። ከራጁ ክፍተት ይልቅ ከሕመም ጋር አብሮ የሚሄደው ይሄ ጥላና የገለፈቱ መቆጣት ነው። በሽታው ሲገፋ ደግሞ ከአጥንቱ ተነስተው የደም ሥርና ነርቭ ወደ ልም አጥንቱ ሥር ሰርገው ይገባሉ።

ራጅ የሚያስፈራውን ያህል ብዙ አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑና ራጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ከ10ሩ ወደ 9ኙ አንድ ዓይነት ለውጥ ታየባቸው፤ ጉልበታቸውን ምንም የማያማቸውም ጭምር። ለእናትሽ ንገሪያት።

ጽናት

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ሁሉም ሰው የመገጣጠሚያ ሕመም አንድ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

እኔ 38 ዓመቴ ነው። የጀመረኝ እጄን ነው። ጠዋት ቡና ልወቅጥ ዘነዘናውን ስይዝ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ጣቶቼ ከመዳፌ የሚጋጠሙበት ቦታ በሁለቱም እጄ አበጠ፤ ሲነኩት ይሞቃል። እስከ ረፋድ ድረስ የልጄን ሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አልችልም ነበር። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ተኝቼ ተነስቼ የሠራሁ ያህል ይደክመኛል። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለኝ። የሄድኩበት ክሊኒክ ሪህ ነው ብሎ ዲክሎፌናክ በሚባል ማስታገሻ አከረመኝ። ጨጓራዬን ላጠ፣ እጄ ግን ባሰበት።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም እጄን ጨበጥ አድርጋ ስታየኝ ጮህኩ። የደም ምርመራና የእጅ ራጅ አዘዘች። አጥንቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተቦርቡሯል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለችኝ። ሜቶትሬክሴት ጀመርኩ። አሁን እጄ ይታጠፋል፣ ሥራዬንም እሠራለሁ። የተቦረቦረው ቦታ ግን አልሞላም። ቀድሜ ብደርስ ኖሮ እላለሁ።

ሳሪስ_ልጅ

ዶክ፣ እንግዲህ ግራ ገባኝ። የምንትዋብ እናት አጥንት በቀለባቸው፣ የጽናት ደግሞ ተበላ። ሁለቱም አርትራይተስ ነው የሚባለው አይደል?

ዶክተር_አንጓ

ሳሪስ፣ እዚህ ክር ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይሄን አስታውሱ።

የምንትዋብ እናት ላይ ነገሩ የሚነሳው ከጫናና ከልም አጥንቱ ነው። ብግነቱ አለ፣ ግን ዝቅ ያለ ነው። አጥንቱም ይገነባል። ጽናት ላይ ግን ነገሩ የሚነሳው ከገለፈቱ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ያያል። ስሱ ገለፈት ይወፍራል፣ ያድጋል፣ በልም አጥንቱ ላይ ይሳባል። ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1ና 6 የሚባሉ ኬሚካሎች በብዛት ይመነጫሉ። እነሱ ደግሞ አፍራሽ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳሉ፣ ገንቢዎቹንም ይገታሉ። አጥንቱ መጀመሪያ የሚቦረቦረው ልም አጥንት ያልሸፈነው ጠርዝ ላይ ነው፤ ገለፈቱ አጥንቱን በቀጥታ የሚነካው እዚያ ነውና። የጽናት ራጅ ልክ ይሄንን ነው ያሳየው።

ለሐኪም በጣም የሚገርም ማስረጃ አለ። ዴኖሱማብ የሚባል የአጥንት መሳሳት መርፌ አፍራሽ ሕዋሳትን ያስቆማል። ለሩማቶይድ ሕመምተኞች ሲሰጥ የአጥንቱ መቦርቦር ቀነሰ። እብጠቱና የልም አጥንቱ መሳሳት ግን እንደነበረ ቀጠለ። አጥንትና ልም አጥንት አንድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሆነው በተለያየ መንገድ ነው የሚጎዱት። ስለዚህ ከምንጩ ብግነቱን ማስቆም ያስፈልጋል። ሜቶትሬክሴት የሚሠራው ይሄን ነው።

ጽናት፣ ስለ ሜቶትሬክሴት አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚያነቡ ሌሎች ይኖራሉ። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ ደምና ጉበት በየጊዜው ይታያል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ ለሐኪሟ መናገር አለባት።

እንዴት ይለያል ለምትሉ፦ ጠዋት መንቃቃቱ (መገጣጠሚያው አልታጠፍ ማለቱ) ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነና ሕመሙ ሲረግጡ ብሶ ሲያርፉ የሚቀል ከሆነ ወደ እናትየዋ ዓይነት ያደላል። መንቃቃቱ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የሁለቱም እጅ ትንንሽ አንጓዎች ካበጡ፣ ድካም ካለ ደግሞ ወደ ጽናት ዓይነት ነው። ይሄኛው ሴቶችን ከወንድ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይይዛል። ሲጋራም ያባብሰዋል። አጥንት መቦርቦር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሊጀምር ስለሚችል ቀጠሮ የሚተላለፍበት በሽታ አይደለም። አገር ቤት ያሉን ሩማቶሎጂስቶች (የዚህ በሽታ ስፔሻሊስቶች) ጥቂት ናቸው፤ ልምድ ያለው የውስጥ ደዌ ሐኪምም ሊጀምርላችሁ ይችላል።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቼ እንደ ምንትዋብ እናት ናቸው። የምጠይቀው ስለ ስግደት ነው። በሰሙነ ሕማማት እንደ ድሮዬ መስገድ አቃተኝ። ስወድቅ ሳይሆን ስነሳ ነው የሚከብደኝ። መስገዴ ራሱ ነው ጉልበቴን የጨረሰው የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው?

ፊዚዮ_ሐዋሳ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እንደ እርስዎ ያሉ አባቶችና እናቶች ብዙ ይመጡልኛል።

ስግደት ብቻውን ጉልበት ጨረሰ ማለት ይከብዳል። በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ተንበርክኮና ቁጢጥ ብሎ መዋል ግን ጉልበት ላይ ጫና እንደሚያበዛ ይታወቃል። ቤጂንግ ላይ በተጠና ጥናት ወጣት ሳሉ በቀን ብዙ ሰዓት ቁጢጥ ይሉ የነበሩ አረጋውያን የጉልበት ሕመማቸው ከፍ ያለ ነበር። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ዘርና የድሮ ጉዳትም አሉበት። በሙሉ ጤናዎ የሰገዱትን አይቁጠሩበት።

ስነሳ ይከብደኛል ያሉት ብዙ ይነግረኛል። የሚያነሳዎ የጭኑ የፊት ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ይህን ይሞክሩ። ግድግዳ የተደገፈ፣ ጠንካራ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ጫማዎ የማያንሸራትት ይሁን። እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፈት ያድርጉ፤ ተረከዝዎ ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። ደረትዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው በእጅ ሳይደገፉ ይነሱ። ሲቀመጡ ደግሞ ዝግ ይበሉ፤ ዋናው ሥራ ያለው መቀመጡ ላይ ነው። ካቃተዎ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት። 8 ወይም 10 ጊዜ አድርገው ይረፉ፣ ይድገሙት። መጠነኛ ሕመም ቢሰማዎ አይደንግጡ። በማግስቱ ካበጠ ወይም ከፊቱ በላይ ካመመዎ ቁጥሩን ይቀንሱ፤ አያቁሙ። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ነው።

ስለ ስግደቱ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ሕመምተኛ በአቅሙ እንዲሰግድ ይፈቅዳሉ። ሙስሊም ታካሚዎቼም ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። መሬት መውረድ ካለብዎ ጉልበትዎ ሥር ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። ሲነሱ አንድ እግር አስቀድመው የሚጨብጡት ነገር ይኑር። ሲወርዱና ሲነሱ መውደቅ ከሕመሙ በላይ ያሳስበኛል።

ሳሪስ_ልጅ

እኔም ልጠይቅ። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። እናቴ «ጉልበትህን ጨረስከው» እያለች ነው። ከዓመታት በፊት ኳስ ስጫወት የግራ ጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ ነበር።

ፊዚዮ_ሐዋሳ

ሩጫው አይደለም የሚያሰጋህ። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሥራ አለ። ለጤናቸው ከሚሮጡት የዳሌ ወይም የጉልበት መበላት የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ነበሩ። ከማይሮጡት 10.2 በመቶ፣ ለውድድር ከሚሮጡት ደግሞ 13.3 በመቶ። ሯጮች ድሮም ቀጭንና ጤነኛ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል፤ ሩጫው አዳናቸው ብለን በእርግጠኝነት አንናገርም። መጠነኛ ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል የሚለው ግን አይደገፍም።

የተበጠሰው ጅማትህ ነው ጉዳዩ። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ የመበላት ምልክት ይታያል። በቀዶ ጥገና ቢጠገንም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የጭን ጡንቻህን አጠንክር። ሩጫህን ቀስ በቀስ ጨምር። ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ፣ ማለት ስትዞር ጠመም የሚል ከሆነ፣ ሳትታይ አትቆይ።

ፋርማሲስት_አዳማ

ምንትዋብ፣ ወደ ግሉኮሳሚኑ ልመልስሽ። አሜሪካ መንግሥት ያስጠናው ትልቅ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። በአጠቃላይ ሲታይ ግሉኮሳሚን መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ኪኒን የተሻለ አልሆነም። ብዙ ሰው አይጎዳም። ግን ለእሱ የምትከፍይውን ብር እናትሽን ለሚያሠራ ባለሙያ ብታውይው ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

በየጊዜው ሱቃችን የሚመጣውን ጥያቄ እዚሁ ልናገር። «በአንድ ቀን የሚያስነሳ የቁርጥማት መድኃኒት ስጪኝ» ይሉኛል። የሚፈልጉት ስቴሮይድ የሚባሉትን ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ አንዴ ያስነሳቸውን ስሙን ይዘው ይመጣሉ። እውነት ነው ያስነሳል፤ ብግነትን እንደሱ የሚያፍን ጥቂት ነው። ሳይታዘዝ ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያነሳል። የዳሌ አጥንት ራስ ደም ተቋርጦበት እንዲሞትም ያደርጋል። በጉልበት ሕመም ጀምረው በዳሌ ሕመም የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። በድንገት ማቆምም አደገኛ ስለሆነ እየወሰዳችሁ ያላችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ አትተዉት።

ለጉልበት ሕመም የዲክሎፌናክ ቅባት ከኪኒኑ ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት ይቀላል። በተለይ ግፊት ላለባቸው እናቶች መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ከቦሌ_ማዶ

መርፌውን እንዲህ አታጣጥሉት። እኔ ጉልበቴ ውስጥ ተወግቼ ለወራት ተመላልሻለሁ። ልጄን በዚያ እግር ነው የዳርኩት። ሲለቀኝ ተመልሼ እወጋለሁ። ሕመሙን የማያውቅ ሰው ነው አትወጉ የሚለው።

ዶክተር_አንጓ

ጋሼ፣ ሕመምዎን አላቃልልም፤ እኔም ለታካሚ የምወጋበት ጊዜ አለ። ጉልበት አብጦ ሲቆጣ ያበርዳል፤ ለሳምንታት እረፍት ይሰጣል። ያ ጊዜ ለስፖርት ከዋለ ጥሩ ነው። ስጋቴ መደጋገሙ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ 140 ሰዎችን ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ወግተው ተከታተሉ፤ ግማሹን በስቴሮይድ፣ ግማሹን በጨው ውሃ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በስቴሮይድ የተወጉት ልም አጥንታቸው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሳሳ፣ የጨው ውሃዎቹ 0.1 ገደማ ነበር። በሁለት ዓመቱ መጨረሻ በሕመም ግን ልዩነት አልነበራቸውም። እጥፍ ከፍለው ያንኑ ያገኙ ያህል ነው። እባክዎ በየወቅቱ ከመመላለስ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። መራመድ ካቃተዎና ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ደግሞ ስለ መገጣጠሚያ ቅየራ የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው።

ምንትዋብ፣ ክብደትም ልጨምርልሽ። እናትሽ ወፈር ያሉ ከሆነ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በቀን ስንት ሺህ እርምጃ እንደሚራመዱ አስቢው።

ምንትዋብ_ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠየቅኳት። ጠዋት መንቃቃቱ ፊቷን ታጥባ ቡና እስኪፈላ ድረስ ነው፤ ከዚያ ይፈታል። እጇን አያማትም። ሌላው ቀርቶ «አይራመዱ» የተባለውን ማንሳቴ ብቻ አስለቀሳት። እህቴ እዚያ ፊዚዮቴራፒ አለ ብላ አግኝታለች። ግሉኮሳሚኑን ተውኩት፤ ብሩን ለዚያ እልካለሁ። ፊዚዮ፣ ለመምህር የጻፍከውን የወንበር ነገር እሷም ማድረግ ትችላለች?

ፊዚዮ_ሐዋሳ

ትችላለች። መጀመሪያ እህትሽ አጠገቧ ትቁም። መንገድ ስትወጣ ከዘራ ትያዝ፤ ከዘራው በሚያማት በኩል ሳይሆን በግራ እጇ ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ከሆነ መሀል ላይ አርፋ ትሂድ። በርጩማውን ለጊዜው በወንበር ይቀይሩት።

ጅማ_አጎት

ዶክተር፣ ካለህ ቶሎ መልስልኝ። የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ከትላንት ጀምሮ አንድ ጉልበቱ አብጧል፣ ይፋጃል። ትኩሳት አለው። እግሩን መሬት አያስነካም። ሰፈር ያሉ ወጌሻ ጋ ይታሽ፣ ወልቆበት ነው እያሉ ነው።

ዶክተር_አንጓ

አይታሽ። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ሆስፒታል ይሂድ። ጤና ጣቢያ ይበቃል አትበሉ።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለና ልጁ አልረግጥም ካለ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል አለ ብለን ነው የምናስበው። በጀርሙ የተቀሰቀሱት የደም ሕዋሳት የሚረጩት ኢንዛይም ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። የልጅ ሲሆን ደግሞ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ማሸት መግሉን ያሰራጫል።

ከቤት ፀረ ተሕዋስያን አትስጡት፤ መጀመሪያ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብ አታብሉት። ሆስፒታል ስትደርሱ ተራ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ «ትኩሳት አለው፣ አንድ ጉልበቱ አብጧል፣ አይረግጥም» በሉ። በቅርቡ ጉሮሮውን አሞት ከነበረም ንገሯቸው፤ የሩማቲክ ትኩሳት ከሆነ ልቡም መታየት አለበት።

ጅማ_አጎት

ባጃጅ ላይ ነን። ጉሮሮውን አላመመውም። ባለፈው ሳምንት እሾህ ወግቶት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆስሎ ነበር።

ዶክተር_አንጓ

እሱን መጀመሪያ ንገሯቸው። ቁስሉን አሳዩአቸው። እግሩ ትንሽ ታጥፎ በሚመቸው ሁኔታ ይቀመጥ፤ በግድ አታቅኑት።